ወንድሜ ስቱዲዮ ያለው የበርበሬ ክፍል

ወንድሜ ለአንድ ነገር ስም ካወጣለት በኋላ ነገሩን ራሱን ማየት ይተዋል። ፍኖተ ሰላም ባለው ቤቱ ሚስቱ በርበሬ የምታከማችበትን ክፍል አንድ ቀን ተነሥቶ «ስቱዲዮ» አለው፤ ከዚያ ወዲያ የገባው ሁሉ እንባው እስኪወርድ ቢያስነጥስ እንኳ ክፍሉ ስቱዲዮ ነው። ሚስቱ «ጆንያ ከስቱዲዮ አምጭልኝ» ስትል ሠራተኛዋ ግራ ገብቷት ደጅ ለደጅ ትዞር ነበር።

ነገሩ የመጣው ቴፕ ሪከርደር በመግዛቱ ነው። ዘመኑ የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በከተማው ሬዲዮ ያለው ሰው እንኳ በጣት የሚቆጠር ነበር። ወንድሜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ ወርዶ ሲመለስ ሁለት የክር ጥቅል የሚሽከረከርበት፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ እንደ ሻንጣ የሚንጠለጠል ማሽን ይዞ መጣ። ማሽኑን «እሱ» ነበር የሚለው። «እሱ አቧራ አይወድም።» «እሱ ዛሬ ደክሞታል፣ ይረፍ።» ለሚስቱ እንዲህ ሲሳሳላት አይቼ አላውቅም፤ አራት ልጅ ወልዳለት ደክሟታል ያላት ቀን የለም።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ባሌን ፈትቼ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ከአባታችን ጋር እኖር ነበር። በአፏ ነው ባሏን ያጣችው ይሉኛል። አላጣሁትም፣ ተውኩት እንጂ።

አባታችን በገና ደርዳሪ ነበሩ። በገናው ዓመቱን ሙሉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የሚወርደው በሁዳዴ ብቻ ነው። አደራደሩን በወጣትነታቸው ሽንዲ በኩል ከነበሩ አንድ መነኩሴ ተምረውታል፤ መነኩሴው ከሳቸው በቀር ሌላ ተማሪ አልነበራቸውም። አባቴ ደግሞ ከናካቴው ተማሪ አላገኙም። የወንድሜ ጣት የተፈጠረው ለእስክርቢቶ ነው፤ አውታር ሲነካ ዶሮ ስትታረድ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ያስወጣ ነበር። እኔን ሴት ናት ብለው በገናውን አላስነኩኝም፤ አቧራውን እንድጠርግ ሲሆን ግን ሴትነቴ አላስቸገረም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ለምን እደብቀዋለሁ?

በዚያ ዓመት የአባቴን ግራ እጅ ቁርጥማት ያዘው። በገና ደግሞ የሚደረደረው በግራ እጅ ነው። ጧት ጧት ጣቶቻቸውን በሞቀ ውኃ ነክረው አንድ በአንድ ሲያፍታቱ አያቸው ነበር። የመነኩሴው አደራደር ከዚያ እጅ ሌላ በምድር ላይ መኖሪያ እንደሌለው እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ወንድሜም ያውቃል። ስለዚህ በዚያ ሁዳዴ ድምፁ በክር ላይ ካልተቀዳ መቼም አይቀዳም።

«ማሽኑን ይዘህ ወደኛ ና» አልኩት። ቤታችን ሣር ክዳን ነው፤ በገናው እዚያ ሲደረደር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

«ጭስ አለ። እሱ ጭስ አይወድም» አለኝ። «ደግሞስ ስቱዲዮ እያለኝ?»

እንግዲህ ስለዚህ ስቱዲዮ። ወንድሜ ማሽኑን እንደ ገዛ ሰሞን በበርበሬ ጆንያዎቹ መሀል ቆሞ መዝሙረ ዳዊት እየደገመ ድምፁን ቀድቶ ነበር። እየሳለም ቢሆን ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣለት፤ ሰምቼዋለሁ። ሰው ይህን ካየ «ተመስገን» ብሎ ይተዋል። እሱ ግን ስቱዲዮ እንዲህ ተዝረክርኮ አያምርም ብሎ ጆንያውን በሙሉ አስወጣ። ወለሉን ሊሾ አስደረገ፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ አስመርጎ የዘይት ቀለም አስቀባ። ክፍሉ አራት ማዕዘኑ እኩል፣ ባዶ፣ የሚያብለጨልጭ ሆነ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት አባቴን ይዤ በአውቶቡስ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። በገናውን ጭኔ ላይ አስደግፌው ነበር፤ መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር አባቴ በእጃቸው ደገፍ ያደርጉት ነበር። ስንደርስ የወንድሜ ሚስት ክፍሉን እንደ ሰርግ ቤት አሰማምራው ቆየችን። ከላይ በኩል፣ ሁለቱ ግድግዳዎች ከሚገናኙበት ማዕዘን፣ ከፍ ያለ መደብ ተሠርቶ ምንጣፍ ተደርቦ አጎዛ ተነጥፎበታል። የአባቴ ቦታ ያ ነው። ትልቅ ሰው ከማዕዘን ሌላ የት ይቀመጣል?

ወንድሜ ደግሞ ያለ ተመልካች ምንም ነገር አይሠራም። ከቅዳሴ መልስ አንድ መሪጌታንና የመሥሪያ ቤት አለቃውን ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ጠርቷል። እንደ ማዕረጋቸው ከመደቡ ግርጌ ጀምሮ በተርታ ተቀመጡ። አባቴ በገናውን ታቅፈው ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው መደርደር ጀመሩ።

ወፍራሙ አውታር ሲመታ ክፍሉ ራሱ ጉምምም አለ። በበገናው ላይ ሌላ አውታር ይነካል፣ የፊተኛው ጉምታ ግን ገና አልወጣም፤ ሦስተኛው ሲመጣ ሁለቱ እዚያው ናቸው። ማሽኑ የቀዳውን መልሶ ሲያሰማን ደግሞ ባሰ። የአባቴ ድምፅ ደራሽ ውኃ እንደ ወሰደው ሰው አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይላል። የሚሉት ቃል አይለይም።

እንግዶቹን ባያችኋቸው። «ግሩም ነው! ነጐድጓድ እኮ ነው!» አለ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ። መሪጌታውም ዓይናቸውን ጨፍነው «የኪሩቤል ክንፍ ነው እንጅ የሰው እጅ አይደለም» አሉ። ወንድሜ ፊቱ በራ። ሰው ቤት ገብቶ ተልባ የጠጣ ሁሉ እውነት መናገር እንደማይችል የታወቀ ነው።

አባቴ ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አዘንብለው እስከ መጨረሻው አደመጡ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

«ሁሉም እርስዎ ነዎት፣ አባባ!» አለ ወንድሜ።

አይደለም። አባቴ ከሊሾውና ከዘይት ቀለሙ ሥር ተቀብረው ነበር።

ከዚያ መድኃኒት አዋቂው በዛ። አለቃው ባትሪ ድንጋዩ ደክሟል አለ፤ አዲስ ተገዛና ያው ጉምታ በርትቶ መጣ። ማይክሮፎኑን አቀረቡት፣ አራቁት፣ ገለበጡት። መሪጌታው ማዕዘኖቹ ጠበል ይረጩ አሉ። እኔ ጠበልን አልንቅም፤ ግን ሊሾ ታመመ ብሎ ጠበል መጥራት ምን የሚሉት ነው? በመጨረሻ ወንድሜ አሰበበት። ግድግዳው ነው የሚያስተጋባው፣ እናልብሰው አለና የቤቱን ጋቢና ነጠላ ሁሉ ሰብስቦ በምስማር ቸነከረው። ያን ጊዜ ጭራሽ ተበላሸ። ቀጫጭኖቹ አውታሮች ጥራታቸው ጠፋ፣ የአባቴ ቃል ታፈነ፤ ጉምታው ግን ከነጠላው በስተጀርባ እንደ በፊቱ ደልቶት ተቀምጧል። የሚያምረው ተሸፈነ፣ የሚያስጠላው ቀረ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።

በማግስቱ አባቴ አውታሮቹን ሲያጠብቁ ወለሉን እጠርግ ነበር። ወፍራሙን አውታር ደጋግመው ይመታሉ። ማዕዘኑ ጋ ስደርስ ድምፁ ደረቴን ይጫነኛል። ክፍሉ መሀል ስደርስ ያው አውታር ጭራሽ የተመታ አይመስልም። ከመሀሉ አልፌ ወደ በሩ ጠጋ ስል ደግሞ ቤታችን እንደምሰማው ሆነ። መጥረጊያዬን ይዤ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። አባቴ «ምን ጠፋሽ?» አሉኝ።

የጠፋኝ ነገር አልነበረም። ወፍራም ድምፅ ማዕዘን ይወዳል፤ እንደ ጠገበ እንግዳ እዚያ ከተጎለተ አይነሣም። እኛ ደግሞ አክብረን አባቴን ከነበገናቸው እዚያው ማዕዘን ወትፈናቸዋል። ወንድሜን ከነሚስቱ ጠርቼ «ጋሼ፣ አባባ ከማዕዘን ይውጡ፣ ወደ በሩ ጠጋ ይበሉ። ማዕዘኖቹም እንደ ድሮው በጆንያ ይሞሉ» አልኩት።

ሰማይ የወደቀባቸው መሰሉ። ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አባታችንን በር ላይ? እንደ ለማኝ? ሰው ምን ይለናል?» ወንድሜም «አንቺ መቼም የምታከብሪው የለሽ» አለኝ።

«እኔማ የማከብረው ድምፃቸውን ነው» አልኩት። «አንተ የምታከብረው አጎዛውን ነው።»

ተኳረፍን። ለጆንያው ግን እሺ አለኝ። የነበረው ጆንያ የበርበሬ ነውና የበርበሬው ገባ። ጉምታው ወዲያው ረገብ አለ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ አባቴ ለመዘመር አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ያዛቸው፣ መሪጌታው አስነጠሱ፣ አለቃው ዓይኑን እያሻሸ ወጣ። ማሽኑ ይህን ሁሉ ሳል አንድም ሳይቀር ጥርት አድርጎ ቀዳው። የወንድሜ ሚስት ሳቋን መያዝ አቃታት፤ የኔም ድርሻ ነበረበትና ጆንያውን ማውጣት ጀመርኩ።

ስለዚህ የጤፍ ጭድ ይምጣ ተባለ። ጭድ ሊሾ ቤት ሲገባ ለወንድሜ ሞት ነው። ከገበያ አስጭኖ ሲያመጣ አህዮቹን ከነነጂው ወደ ፊት ሰደዳቸውና እሱ ራቅ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የሌላ ሰው አህያ እንደሚያይ ሰው እየተመለከተ መጣ። ከተማው ሁሉ የማን ጭድ እንደሆነ ያውቃል። አንድ ጆንያ ብናደርግ ምንም አልለወጠም፤ ሁለትም እንዲሁ። በአራቱም ማዕዘን ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ሁለት ክንድ ያህል አወፍረን ስንቆልል ግን ወፍራሙ አውታር ጉም ብሎ እዚያው ያበቃ ጀመር። ጋቢውና ነጠላውም ከግድግዳው ወረደ።

የላይኛውም ማዕዘን በጭድ ስለሞላ መደቡ ከጭዱ ፊት ወጣ ብሎ እንደገና ተሠራ። ይህም ቢሆን አልበቃም፤ አባቴ ከግድግዳው ገና አልራቁም። ግን ማን ደፍሮ ተነሡ ይበላቸው? እንግዶቹ ደግሞ እንደ ልማዳቸው በተርታ ተቀምጠዋል።

ወደ መደቡ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። «አባባ፣ አንዱ አውታርዎ ሌሎቹን እየዋጣቸው ነው። ቦታው ነው እንጅ እርስዎ አይደሉም።»

አባቴ ቤቱን ቃኘት አደረጉ። «የሚደረድረው ወንበሩ ነው ወይስ እኔ?» አሉና በገናቸውን ታቅፈው ተነሡ። በቀስታ መጥተው በሩ አጠገብ፣ ሠራተኛዋ የምትቀመጥባት ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

ያን ጊዜ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ያስቀኛል። አባቴ ከግርጌ ዝቅ ብለው ተቀምጠው እነዚያ ከራስጌ ከፍ ብለው ሊቀመጡ አይችሉም። መሪጌታው ዘለው ተነሡ፤ እሳቸው ሲነሡ አለቃው ተነሣ፤ አለቃው ሲነሣ ጎረቤቱ ሁሉ ተነሣ። ከአባቴ ዝቅ ያለ ቦታ ፍለጋ ተጋፉ። ከበሩ በታች ያለው ደግሞ ደጁ ነው። እየተሽቀዳደሙ፣ «እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ወጥተው በረንዳው ላይ መሬት ተቀመጡ። ክፍሉ ውስጥ የቀረነው እኔና ወንድሜ ብቻ፣ እኛም ወለል ላይ። ስቱዲዮው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመልካች ሳል አጣ።

አባቴ ደረደሩ። ያ ጉምታ የለም። እያንዳንዱ አውታር ለብቻው መጥቶ ለብቻው ይሄዳል፤ ድምፃቸው ከአውታሮቹ በላይ ቃል በቃል ይሰማል። እኔ የማዳምጠው ወፍራሙን አውታር ብቻ ነበር፣ እንዳያምጽብኝ። አላመጸም። ሲጨርሱ ወንድሜን በድል ዓይን አየሁት። እሱም ከኩርፊያው ወጥቶ እየሳቀ ክሩን ወደ ኋላ አጠነጠነና ማሽኑን ለቀቀው።

መጀመሪያ ደስታ ነበር። አባቴ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነበሩ፤ «የቱ ጋ ነኝ» የሚያሰኝ ነገር የለም። ከበረንዳው «እሰይ» ሲሉ ሰማሁ። ቀጥሎ አንድ ነገር ጆሮዬን ኮረኮረኝ። ከአውታሮቹ አንዷ በቦታዋ አልመጣችም። ዜማው ዞሮ እዚያው ሲደርስ ደግሞ የለችም። በሦስተኛው ዙር ሌላዋም ቀረች። ዜማው እንደ አንካሳ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሸብረክ እያለ ያልፋል። አባቴ ሲደረድሩ በልባቸው እየሞሉት ኖሮ አልታወቃቸውም፤ እኔም ጆሮዬ የወፍራሙ አውታር ዘበኛ ሆኖ አልሰማሁትም። ያ የተረገመ ጉምታ ደግሞ የፊተኛውን አውታር እየጎተተ ክፍተቱን ሲሸፍንልን ሰንብቷል። እኔ ነኝ የገለጥኩት። ቁርጥማቱ ቀድሞን ነበር፤ የመነኩሴው አደራደር በዚያ እጅ ውስጥ ሙሉውን የለም።

«መልሰው» አሉ አባቴ።

ወንድሜ መለሰው። እንደገና አደመጡ። ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መዳፉን አዩት፣ ገልብጠው ደግሞ አዩት። ከዚያ ዞር ብለው የጠየቁት ወንድሜን አልነበረም።

«አንቺ አትዋሽም። ንገሪኝማ፣ እዘላለሁ?»

አፌን ከፈትኩ። ሕይወቴን በሙሉ ለማንም ያልራራ አፍ ነው፤ ምን ሊል እንደነበር አላውቅም። ሳልናገር ወንድሜ ከወለሉ ብድግ አለ።

«ማሽኑ ነው!» አለ። «ማሽኑ ነው አባባ! ቆሻሻ ዕቃ ነው፣ አታለሉኝ። ድምፅ ይዘላል። ዳዊት ስደግምም ዘሎብኝ ነበር፣ አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ።» ያን አቧራ የማይወደውን፣ የሚደክመውን፣ «እሱ» የሚለውን ማሽን በመዳፉ ጥፊ አላሰው። ክዳኑ ተንቀጫቀጨ። ከበረንዳው ሁሉም ሰማ።

አባቴ ወንድሜን ትክ ብለው አዩት። ብዙ አዩት።

«እንግዲያውስ አሠራው» አሉ። «ለሚመጣው ሁዳዴ ይደርሳል።»

«እሽ አባባ፣ አሠራዋለሁ» አለ።

በማግስቱ ወደ ቡሬ ተመለስን። የሚመጣው ሁዳዴ መጣ፤ በገናው ከግድግዳው አልወረደም፤ አባቴም ስለ ማሽኑ አልጠየቁም። ወንድሜ ማሽኑን ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ነበር። አለቃው ለልጁ ሰርግ አውሰኝ ቢለው «ተበላሽቷል» አለው። መሪጌታው ባገኙት ቁጥር ያሾፉበት ጀመር፤ ያ ሁሉ ሊሾ፣ ያ ሁሉ ጭድ፣ ለተበላሸ ዕቃ! ከተማው የተታለለው ጸሐፊ ብሎ ሳቀበት። ጉራ ከሌለ መኖር የማይችለው ወንድሜ አብሯቸው እየሳቀ «ሞኝ ነኝ፣ አታለሉኝ» ይል ነበር። አባቴ ከሞቱም በኋላ ይህንኑ አለ።

ማሽኑ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።